ያልተላኩት ጥሪዎች

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

የአዲሱ ፕሮግራም ልኬት አለቀ። ሪፖርቱን ፈርሜ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁ። ሳምንቱን ሙሉ የማስመሰያ ጥሪ እየላክኩበት ነበር፤ ልክ ሰው አምቡላንስ ፈልጎ እንደደወለ ዓይነት። ፕሮግራሙ ደግሞ ለጠሪው የትኛው መኪና እንደሚቀርበው ይመልሳል። እኔ መልሱ ምን ያህል እንደቆየ እይዛለሁ። ፕሮግራም አልሠራም፤ ሌሎች የሠሩትን እለካለሁ።

አሮጌው ፕሮግራም የተጻፈበትን ቋንቋ የሚያውቁት ሁሉ ጡረታ ወጥተዋል። አዲሱን የጻፈችው ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የምትሠራዋ ልጅ ናት፤ ባለፎቋ እንላታለን። ሁለት ዓመት ለፋችበት። ፕሮግራሟ አሮጌውን በሦስት እጥፍ ይቀድማል። ስምንት ሰከንድ ያህል የቆየው ከስምንት መቶ ጥሪ አንዱ ብቻ ነው። ውሉ ከአምስት መቶ አንድ ይፈቅዳል። እንግዲህ ምን ይባላል… ጎበዝ ይባላል።

ደረጃው ላይ ተገናኘን። "ጋሼ፣ አለፍኩ?" "አለፍሽ።" ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። የፊታችን ሰኞ ሥራ ይጀምራል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

እትዬ ለምሳ ብቅ አለች። ታላቅ እህቴ የአምቡላንስ ጥሪ ተቀባይ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ጩኸት ስትሰማ ኖራ ድምጿ ከእኔ የረጋ ነው። በአዲሱ ስክሪን እየሠለጠኑ ነው። ወዳዋለች።

"ፊደሉ ትልልቅ! መነጽሬን ረሳሁት እኮ።"

"ፍጥነቱስ?"

"ለካሁት ብለህ የለም እንዴ? ወይስ እኔ ልፈርምልህ?"

የበላችበትን ሳህን እንኳ ሳታነሳ ወደ ፈረቃዋ ሄደች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሥራ አስኪያጁ ለጋዜጣ መግለጫ ሊሰጡ ነው። "በጠቅላላው ስንት ጥሪ ሞከርን? አፍ የሚሞላ ቁጥር ስጠኝ" አሉኝ።

ቀላል ነው። በዋናው ፈተና በሰከንድ አሥር ጥሪ፣ ለአንድ ሰዓት። ሠላሳ ስድስት ሺህ። ከአፌ ከማውጣቴ በፊት ግን ኮምፒውተሩን አስቆጠርኩት… ሠላሳ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ።

ሦስት ሺህ ሁለት መቶው የት ገባ? መስመር ላይ ጠፋ? አይደለም፤ የተላከው ሁሉ መልስ አግኝቷል። ታዲያ?

"ነገ ልንገርዎት" አልኩ።

"ሠላሳ ሺህ ምናምን ብለን እንለፈው እንጂ!"

እሳቸው አለፉት። እኔ አቃተኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

አገኘሁት። ምነው ባላገኘሁት የሚያሰኝ ነው።

ጥሪዎቹ አልጠፉም፤ መጀመሪያውኑ አልተላኩም። መለኪያዬን የጻፍኩት እኔው ነኝ። አንድ ጥሪ ይልካል፣ መልሱን ይጠብቃል፣ ከዚያ ቀጣዩን ይልካል። ነገሩ ደህና ሲሆን ችግር የለውም። አዲሱ ፕሮግራም ለስምንት ሰከንድ ቀጥ ሲል ግን መለኪያዬም አብሮት ቀጥ ይላል። በዚያ መሀል መግባት የነበረባቸው ሰማንያ ጥሪዎች አይላኩም። ስላልተላኩ አልተለኩም። ዘገየ ተብሎ የሚያዘው አንዱ ብቻ ነው።

እውነተኛ ጠሪ እንዲህ ጨዋ ነው እንዴ? ልጇን ትን ያለባት እናት "ከፊቴ ያለው ይጨርስ" ብላ ስልኩን ታስቀምጣለች?

አርባ ጊዜ ቀጥ ብሏል። መለኪያውን መልስ እንዳይጠብቅ አድርጌ እንደገና ሞከርኩ። ከስምንት መቶ አንድ ዘገየ ያልኩት… ከመቶ ዘጠኝ ሆነ።

ሪፖርቱ ሥር ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ሰኞ ደግሞ ደረሰ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

መጀመሪያ ለባለፎቋ ነገርኳት። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ።

"ሰኞ ፈርመውልኝ ዓርብ ሊያፈርሱብኝ?"

"የማነሳው ፊርማዬን ነው፤ ሥራሽን አይደለም።"

"ለእኔ ምን ልዩነት አለው፣ ጋሼ!"

በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ። "መግለጫው እኮ ተልኳል! አሁን ማን ነው ይሄን የቆፈረው?"

"እርስዎ ነዎት። ጠቅላላውን ባይጠይቁኝ አልቆጥርም ነበር።"

"እኔ?"

"እርስዎ።"

ክራባታቸውን አስተካከሉ። ስወጣ ጋዜጠኛውን በስልክ "አንድ ነገር ደርሼበታለሁ" ሲሉት ሰማሁ። ይድረሱበት! ሰኞ ቀረ፤ እኔም እፎይ አልኩ። ግማሽ እፎይታ… የልጅቷ ፊት አልጠፋኝም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

አሮጌው እየሠራ ነው። ሊፍት ውስጥ ከባለፎቋ ጋር ተገጣጠምን። ሁለታችንም የፎቁን ቁጥር እያየን ወጣን።

እትዬ ደወለች። "ትልልቅ ፊደሌን ማን ነጠቀኝ?" "እኔ ነኝ።" "እንግዲያው ምክንያት ይኖርሃል።" ምክንያቱን ግን አልጠየቀችኝም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ባለፎቋ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። ሰላምታ የለም።

"ስንቴ እንደቆመ ብቻ ምን ይሠራልኛል? መቼ መቼ እንደቆመ ይንገሩኝ እንጂ!"

ወንበር ሳብኩላት። ሰዓቶቹን ከእሷ መረጃ ጋር ጎን ለጎን አየናቸው። ቀጥ ባለ ቁጥር ሚሞሪው ሞልቶ ነበር። ለካ ነገሩ አዲሱ ፕሮግራም ከተጻፈበት ቋንቋ ነው። የተጠቀመበትን ሚሞሪ ራሱ ያጸዳል፤ ሲያጸዳ ደግሞ ሥራውን ሁሉ ያስቆማል። ቤት ለመጥረግ እንግዶቹን በሙሉ ወደ ውጭ እንደሚያስወጣ ሰው።

"እንግዶቹ እንደተቀመጡ በጥቂት በጥቂቱ አይጠረግም?"

"ይጠረጋል። ግን ሁልጊዜ ትንሽ ይንቀራፈፋል፤ አማካይ ቆይታውን ያበላሽብኛል።"

"አማካይ የሚባል ሰው አምቡላንስ ጠርቶ አያውቅም።"

ሳቀች። ሳትፈልግ ነው የሳቀችው፤ ግን ሳቀች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

በጥቂት በጥቂቱ እንዲጠርግ አድርጋው እንደገና ሞከርነው። ሠላሳ ስድስት ሺህ ተላከ፣ ሠላሳ ስድስት ሺህ ተመለሰ። እኔ ሁለቴ ቆጠርኩ፤ አላመነችኝም መሰል፣ እሷም ቆጠረች። አማካይ ቆይታው እጥፍ ሆኗል። ከሁሉም የዘገየው ግን አንድ ሰከንድ አልሞላም።

የሥራ አስኪያጁ ፊት ጠቆረ። "ዘገየ ማለት ነው?"

"ትንሽ። ግን ቀጥ ብሎ የሚያስጠብቀው ሰው የለም።"

"ለጋዜጣው ምን ልበል ታዲያ?"

"ይህንኑ ይበሉ።"

እያጉረመረሙ ጻፉት። እኔም ፈረምኩ። ያለፈውን ስፈርም እጄ እንዲህ አልከበደኝም ነበር… ዛሬ አስቤ ፈረምኩ፤ ከፈረምኩ በኋላ ግን ቀለለኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

አዲሱ ጀመረ። ጸጥታ። ጥሩ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ትናንት ከሥራ ልንወጣ ስንል ዝናቡ ወረደ። ድልድዩ ላይ ሁለት አውቶቡሶች ተጋጩ። ያየ ሁሉ በአንዴ ስልኩን አነሳ። ባለፎቋ ካፖርቷን እንደለበሰች የእኔ ስክሪን ፊት ቆመች። የጥሪው መስመር ወጣ፣ ወጣ… የመልሱ መስመር ከሥር ከሥሩ ተከተለው። ቀጥ አላለም። እስኪረጋጋ ድረስ ሁለታችንም ከዚያው አልተንቀሳቀስንም።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ከፈረቃ ስትወጣ ደወለች። ድምጿ ተዘግቷል። ተጎጂዎቹ ሁሉ በሕይወት ሆስፒታል ደርሰዋል። አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አምቡላንሱ እስኪደርስላት እትዬ ስለ ልጆቿ እያስወራቻት ቆየች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ "አንድ እግር ጫማ ይዤማ ሆስፒታል አልሄድም" ብለው አስቸገሩ። ይህን ስትነግረኝ ሳቋ መጣ።

"ማሽኑስ?" አልኩ።

"የቱ ማሽን?"

"አዲሱ ነዋ… አላስጠበቀሽም?"

"አንተ ሰውዬ! ስለ ሰው እየነገርኩህ ማሽን ትለኛለህ?"

ተቆጥታ ዘጋችው። ሊፍቱን አልጠበቅኩም፤ በደረጃው ወጥቼ እትዬ "የቱ ማሽን?" ያለችውን ለባለፎቋ ቃል በቃል ነገርኳት።

"እስቲ ይድገሙት" አለች።

ደገምኩላት።