ከጅዳ ያመጣሁት

ኅዳር ፳ ቀን ፳፻፮ ዓ.ም.፣ ቦንጋ

ከጅዳ እስር ቤት ተጠርዤ ከመጣሁ ወዲህ ጠያቂ አልተቋረጠም። እማዬ ደግሞ “ከዓረብ አገር ባዶ እጅ አይመጣም” ብላ ከዚሁ ከቦንጋ ገበያ ሻሽ ገዝታ ደብቃልኛለች፤ የጅዳ ስጦታ ነው ብዬ እንዳድል።

ዛሬ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ “እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ” ሊሉኝ ሲመጡ እማዬ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ሻሹን ሰጠኋቸውና፣ “ይሄ የቦንጋ ነው። ከጅዳ ያመጣሁት ይሄን ነው” ብዬ ካቴና የላጠውን እጄን አሳየኋቸው። እትዬ አስካለ እጄን ይዘው አለቀሱ።

እማዬ “አዋረድሽኝ!” ብላ ጓዳ ገባች።

ምን ሰረቅኩ? የሰው ቤት ጠረግሁ፣ የሰው ልጅ አሳደግሁ። ያሰሩኝ ሳያፍሩ እኔ ልፈር? ነገ ቅዳሜ ገበያ ነው። እጅጌዬን ሰብስቤ እወጣለሁ።