ለመቅዲ የታተመው የገና ካርድ

ለምወድህና እንደ አባት ለማይህ ወንድሜ ለፈንታሁን፣ ሎጊያ፤

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? የሎጊያ ሙቀት እንደምን ይዞሃል? ወገብህስ ቀለል አለልህ ወይ? እማዬ የመኪና ጎማ ብቻውን እንዳያነሣ ንገረው ብላለች። ባለቤትህ፣ እህቴ ስህን፣ እንዴት ናት? ልጃችሁ ትንሿ ሕይወት መራመድ ጀመረች ወይስ ገና በዳዴ ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሥጋ ደኅና ነን። ብርዱ ዘንድሮ በርትቷል፤ ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ የሚነሣው ጉም እስከ መናኸሪያው ድረስ እየመጣ የባጃጆቹን መብራት ያስበራል።

ይህን ስጽፍልህ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ለአንተ እየጻፍኩ መሆኑን ታውቃለች። ማንበብ ስለማትችል ነው ፊቷ ቁጭ ብዬ ይህን ሁሉ የምጽፈው። በስልክ እንዳልነግርህ በቤቱ ያለው ስልክ የእሷ ብቻ ነው፤ ድምፁም ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ይዤው ልውጣ ስል ደግሞ ‹ለማን ነው ተደብቀህ የምትደውለው? ሴት ያዝክ እንዴ?› ትለኛለች። በሰው ስልክ ስደውልልህም አንተ ‹በኋላ፣ በኋላ፣ ሥራ ላይ ነኝ› ብለህ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ግን አይዘጋም፤ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

እህታችን መቅዲ ቤሩት ላይ ከሞተች ሁለተኛ ወሯን ይዛለች። እዚያው ቤሩት ያለችው ጓደኛዋ ተሻለች ለአንተ ደወለች፣ አንተ ለእኔና ለዕድራችን ለቅሬው ዳኛ ለጋሽ ዝናው ነገርክ፣ ከዚያ ወዲህ ከተማው በሙሉ ሰማ። ያልሰማችው እማዬ ብቻ ናት። ‹ደም ግፊት አለባት፤ መርዶውን እኔ ስመጣ እናረዳታለን፤ እስከዚያ አደራ› አልከኝ። ለኅዳር ጽዮን እመጣለሁ አልክና ቀረህ። ከዚያ ለገና አልክ። አሁን ደግሞ ለጥምቀት ትላለህ። አደራህን እየጠበቅኩ ነው፤ ግን መጠበቁ ምን እንደሚመስል አንተ እዚያ ሆነህ አይታይህም።

እንደምታውቀው ገና ሲደርስ ቤታችን የካርድ ማተሚያ ይሆናል። አንተ በምትልክልን የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ ላይ ኮከቡን፣ ግርግሙንና የሐይቁን ወፍ በምላጭ የቀረጸችው መቅዲ ናት። እንጨት ላይ ለጥፋ ማኅተም ያደረገቻቸውም እሷ ናት። ስትሄድ በቆርቆሮ ሣጥን አድርጋ ለእኔ ተወችልኝ። ዘንድሮ አልነካቸውም ብዬ ነበር። ካልሠራሁ ግን እማዬ ለምን ትላለች፤ ምን ብዬ እመልስላታለሁ? ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን አስቀምጬ ስፖንጁ ላይ ቀለም አፈስና ‹እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ› እያልኩ ሳትም እውላለሁ። ማኅተም ስትጫን እጅህ ከተንቀሳቀሰ ኮከቡ ጥላ ያወጣል። መቅዲ ‹ትንፋሽህን ያዝ፣ ተጫን፣ ከዚያ ቀጥ አድርገህ አንሣ› ትለኝ ነበር። ዘንድሮ ማኅተሙን ካነሣሁ በኋላም ትንፋሼን እንደያዝኩ ነኝ። ኬክ ቤቱም ለበዓል ስጦታ መያዣ የሚሆን የካኪ ወረቀት ከረጢት አዞናል፤ ወፏን ከፊት፣ ኮከቡን ከጎን አትሜ ማንጠልጠያውን በሲባጎ እሠራለታለሁ። ሰው ሁሉ ወፏን ይወዳታል። ‹ይቺን ማን ቀረጻት?› ብሎ የሚጠይቀኝ ግን ጠፍቷል፤ ሁሉም ያውቃል።

ካርድ ሊገዛ የሚመጣው ሰው በር ላይ ሲደርስ ፊቱ ይጠቁራል፤ እማዬን ሲያይ ደግሞ ይስቃል። ያ ሳቅ ከልቅሶ ይብሳል። እማዬ ምን አለችኝ መሰለህ፤ ‹ዘንድሮ ሰዉን ምን ነካው? አንድ ካርድ ሊገዛ መጥቶ አቅፎ ይሄዳል፣ ዋጋም አይከራከር። ጥሩ ዘመን መጣ መሰለኝ።›

ባለፈው የገበያ ቀን የሆነውን ደግሞ ስማ። የአባታችን የአክስት ልጅ፣ እኒያ አምባሰል ያሉት፣ እማዬ የተረዳች መስሏቸው ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ከች አሉ። እንደ ዕድል እማዬ ውኃ ልትቀዳ ጓሮ ነበረች። ገና ከበሩ ‹ልጄን!› ብለው ደረታቸውን ሊመቱ ሲሉ ዘልዬ እጃቸውን ያዝኩ። ‹እማማ፣ ነጠላዎ ተዘቅዝቋል› አልኳቸው። ‹እንዴት አይዘቀዘቅ ልጄ!› አሉ። ‹አልተነገራትም› አልኳቸው በጆሯቸው። እማዬ ጀሪካኗን ይዛ ስትገባ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ አገኘቻቸው። ‹ምነው፣ በደኅና ነው ይህን ሁሉ መንገድ?› ብትላቸው ግራ ገብቷቸው ዙሪያቸውን አዩና ‹ካርድ ልገዛ› አሉ። እማዬ በሳቅ ፈነዳች። ‹አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፊደል የቆጠርሽው? ለማን ልትሰጪው ነው?› ‹ለቄሱ› አሉ። ‹ቄሱ ለአንቺ ነው እንጂ ይጸልዩልሽ፣ አንቺ ለቄሱ ካርድ!› አለችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሴትዮዋ ግርግም የታተመበትን ካርድ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ሊያፈሱት ያመጡትን እንባ ሳያፈሱ ያን ዳገት ተመለሱ። እማዬ ሥራ በያዘች ቁጥር ትዝ እያላት ‹ካርድ!› እያለች ስትስቅ ዋለች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ወንድም ጋሼ፣ አብሬያት ሳቅኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዋን አልለቃትም። ገበያ ስትወጣ እከተላለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ከጎኗ አልጠፋም፣ ሰው ‹እግዜር ያጥናሽ› ሊል አፉን ሲከፍት ቀድሜ ሰላም እላለሁ። ‹ምን ሆነህ ነው እንደ ጥጃ የምትከተለኝ? ሰው ምን ይላል?› ትለኛለች። ለሰው የማልነግረውን ለአንተ ልንገርህ፤ እኔ ለእህቴ አላለቀስኩም። ራሴን አልተላጨሁም፣ ጥቁር አልለበስኩም፣ ልቅሶ አልተቀመጥኩም። ትምህርት ቤት ልጆቹ ‹ነፍስ ይማር› ሲሉኝ ‹ዝም በሉ› እላቸዋለሁ፤ ወሬው በእናቶቻቸው በኩል እቤት እንዳይገባ። አሥራ አንደኛ ክፍል የደረስኩ ልጅ የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ስለ እህት የሚያወራ ምንባብ መጣና ባዶ ወረቀት አስረክቤ ወጣሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እማዬ እንደየዓመቱ ለመቅዲ ካርድና የስጦታ መያዣ አሰናዳ አለችኝ። የጎረቤታችን ልጅ ሙጂባ የቤሩት ጉዞዋ ደርሷል፤ የሚሄደው በእሷ እጅ ነው። ሽሮው ተፈጭቷል፣ በርበሬው ተደልዟል፣ ነጭ ሻሽም ተገዝቷል። ቀይ ቀለም አልቆብኝ ስለነበር ካርዱን በጥቁሩ አተምኩት። ሆን ብዬ አልነበረም፤ ያለኝ ጥቁር ብቻ ነበር። እማዬ ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ። ‹ለገና ጥቁር? አንተ ሟርተኛ! ልጄ በባዕድ አገር ጥቁር ነገር ትይብኝ?› ብላ ከእጄ ነጥቃ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ኮከቡ ሲቃጠል ቆሜ አየሁ።

ቀይ ቀለም ፍለጋ የጽሕፈት መሣሪያ ወደሚሸጠው ወደ ኡበይድ ሄድኩ። ‹ለማን ልታትምበት ነው?› አለኝ። ‹ለመቅዲ› አልኩት። ‹ላ ኢላሃ ኢለላህ!› ብሎ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ‹እንየው፣ ለሞተ ሰው ዱዓ ነው የሚላከው እንጂ ካርድ ይላካል? ይሄ ነገር አያዛልቅህም፤ ወንድምህን አምጣው› አለኝ። እንዴት አድርጌ እንደማመጣህ ግን እሱም አላወቀም።

ካርዱን በቀዩ አተምኩት። ከዚያ እማዬ ‹ጻፍ› አለችኝና እየነገረችኝ ጻፍኩ። ‹ልጄ መቅዲ፣ ድምፅሽ ጠፋብኝ። ተሻለች ስልኳ ተበላሽቶ ነው ብላ ደውላልኝ ነበር፤ ስልክሽን ቶሎ አሠሪው። ኮንትራትሽ ሲያልቅ እንዳትጨምሪ። የወር ገንዘቡ ይቅር፣ አንቺ ነይልኝ። ቤቱ ጠቦሽ እንደሆነ በጓሮ በኩል አንድ ክፍል እንቀጥልበታለን።› ስጨርስ ‹የመቅዲዬ ማኅተም ብዙ ነው፣ የእኔ ይቺ አንዲት ናት› ብላ አውራ ጣቷን ቀዩ ስፖንጅ ላይ ነከረችና ከስሟ ጎን ተጫነች። ትንፋሿን ይዛ ነበር። ማን እንዳስተማራት አላውቅም።

ሙጂባ ዕቃውን አይታ አለቀሰች፤ ደግነቱ እማዬ ‹አገሯን ልትለቅ ስለሆነ ሆዷ ባብቶ ነው› ብላ አቀፈቻት። ወደ ውጭ ስሸኛት ግን ክንዴን ጨብጣ ‹ወላሂ አልሸከመውም። ለማን ላድርሰው? ልጣለው ብል ሐራም፣ ልብላው ብል ሐራም። እናትህ ደረሰ ወይ ብላ ስትደውል ምን ልበላት?› አለችኝ። እውነቷን ነው። ዕቃው ከሄደ እማዬ መልስ ትጠብቃለች። መልስ ካልመጣ አንተ ሌላ ውሸት ታመጣለህ፣ እኔ እይዘዋለሁ። ባለፈው ተሻለች እንደ መቅዲ ሆና በጠፋ ድምፅ ትደውልላት ያልከውን አስታውስ። ወንድም ጋሼ፣ ከእናት ጋር በሞተች ልጇ ድምፅ መጫወት ይደረጋል? ተሻለች ራሷ እግዚአብሔርን እፈራለሁ ብላ እንቢ ማለቷን ስሰማ ደስ አለኝ።

ስለዚህ ጋሽ ዝናው ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። መጀመሪያ ‹መርዶ የቤቱ ታላቅ ሳይኖር አይነገርም፤ ወጉ አይደለም› አሉኝ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ‹በዓሏን አንነካባትም፤ ገናዋን ታሳልፍ። በሰኞው፣ በጥር አራት፣ ማለዳ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የቅሬው ሰው ክርስቲያኑም እስላሙም እንመጣለን። የጤና ጣቢያዋ ነርስም ከሴቶቹ ጋር ትሆናለች። ወንድምህ ከመጣ እሱ፣ ካልመጣ አንተ ከጎኗ ትቀመጣለህ። ሲነገራት እጇን ያዝ እንጂ አፏን አትያዝ› አሉኝ። ሙጂባ የምትሄደው በማግሥቱ ነው፤ ዕቃው አይሄድም።

ለምን እንደማትመጣ አውቃለሁ። የቤሩቱን ጉዞ የጨረስክላት አንተ ነህ፤ እማዬ ዓይንህን አይታ ‹ልጄን የት አደረግሃት?› እንዳትልህ ፈርተሃል። አልፈርድብህም። እኔም እፈራለሁ፤ ስትወድቅ እጄ ላይ ብትቀርስ እያልኩ ነው የምውለው። ግን ከሎጊያ እስከ ሐይቅ ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ነው። እሑድ ከመምሸቱ በፊት ድረስልኝ። ብትመጣ ሁለታችን በግራና በቀኝ እንይዛታለን። ባትመጣም ሰኞ አይቀርም፤ ጋሽ ዝናውን ‹እሺ› ብያቸዋለሁ፣ ቃሌን አልመልስም። ታላቄ ነህና ሳልነግርህ እንዳላደርገው ብዬ ነው።

ለእህቴ ለስህን ከአንገቴ ዝቅ ብዬ ሰላም እላለሁ፤ ከቻለች አብራህ ትምጣ፣ እማዬ ሴት ልጅ ከጎኗ ያስፈልጋታል። ትንሿን ሕይወትን ጉንጯን ሳምልኝ። አብሮህ ለሚሠራው ልጅም ሰላምታዬን ንገርልኝ። ከዚህ ጋሽ ዝናው፣ ኡበይድና ሙጂባ ከነቤተሰቧ ሰላም ብለውሃል። እማዬ ‹ና እንጂ፣ ደብዳቤ ምን ያደርግልኛል፤ ለገና የዶሮው ጭን የአንተ ነው በለው› ብላለች።

አሁን ምስሯን ጨርሳ ‹እስኪ ማን ማን ሰላም እንዳለው አንብብልኝ› አለችኝ። የሰላምታውን ብቻ አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ ተቆጣች። ‹እህትህን ረሳሃት! ሩቅ ስለሆነች ነው? ጻፍ እንጂ› አለችኝና እስክጽፍ ድረስ እጄን እያየች ቆማለች።

መቅዲም ሰላም ብላሃለች።

ታናሽ ወንድምህ
እንየው

ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም.