እሳት ያልደፈራት ጣት

ወረታ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ዛሬም በግራ እጅ ነው። ደብተር ሆይ፣ ፊደሌ እንደ ሰካራም ቢንገዳገድ ታገሺኝ። ቀኙ ከብብት እስከ አንጓ በሸምበቆና በጨርቅ ታስሯል። የየኔታን በቅሎ ርብ ወንዝ ወርጄ እንዳጠጣ ታዘዝሁ እንጂ እንድጋልብ አልታዘዝሁም። በቅሎዋ ይህን ታውቅ ኖሯል፤ ጣለችኝ። ክርኔ ተሰበረ። ወጌሻው አያ ታከለ ጥርቅም አድርገው አሰሩት። እርሳቸው ካልፈቱት ማንም እንዳይነካው ገዝተዋል።

ኅዳር ፲፯፣ ከጧቱ ፫ ሰዓት

ሕመሙ ቀለለ። ትንሿ ጣት ጭራሽ ደነዘዘች። አያ ታከለ ደስ አላቸው፤ አጥንት ሲገጥም እንዲህ ያደነዝዛል አሉ። እናቴ ጉልበታቸውን ሳመች። እኔ ግራ ገባኝ። የቀለበት ጣቴ ግማሽ ጎኗ ተኝቷል፣ ግማሹ ነቅቷል። ሁለት ባሕርይ! በተዋሕዶ አገር! የኔታ ከሰሙ ያወግዟታል።

ኅዳር ፲፱

ቤ/ክ። እግዚኦታውን በጣት አንጓ ስቆጥር ጠፋብኝ። አውራ ጣት ነካኋት ይላል፤ ትንሿ ማንም አልመጣም ትላለች። ዳኛ የለም። ሕዝቡ ጨርሶ እኔ ብቻዬን እግዚኦ!

ሳቁብኝ። አልሳቅሁም። ወረቀት በጣቶቼ መሀል ብይዝ ሾለከ። ከአዝመራ በኋላ ብራና ላይ ቁም ጽሕፈት ልጀምር ነበር። ብርዑን በምን ልይዝ ነው?

ኅዳር ፳፩፣ ማርያም

እናቴ ጧፍ ከደነዘዙት ጣቶች ጋር በክር አሰረችልኝ። ቤተ ክርስቲያን ቆምሁ። የተለበለበ ነገር ሸተተኝ፤ የማን ነጠላ ነው እያልሁ ዞር ዞር አልሁ። ለካ ትንሿ ጣቴ ናት! ምንም አልተሰማኝም።

ንቅንቅ አለማለቴን ያዩ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። እሳት አልደፈረውም፣ ተመርጧል! አያ ታከለ ደረታቸውን ነፉ፦ «ያሰርሁት እኔ ነኝ!» እኔም፣ አልዋሽሽም፣ ጥቂት ቅዱስ ቅዱስ አለኝ።

የኔታ ግን ጠጋ ብለው ጣቴን አገላብጠው አዩ።

«ልጄ፣ ሰማዕታት እሳቱ እየተሰማቸው ታገሡ። አንተ ግን እየተቃጠልህ አልተሰማህም። ይህ ቅድስና አይደለም፤ ጣትህ በድን ሆኗል።»

ማታውን

ክርክር። እናቴ ወንዛዬ ፍል ውኃ ትላለች። የኔታ እስሩ አንቆታል፣ ዛሬ ይላላ፣ ነገ በጭነት መኪና ጎንደር ሐኪም ቤት ይላሉ። አያ ታከለ ከተፈታ ክንዱ ቆልማማ ይሆናል ብለው በሩን ወርውረው ዘግተው ሄዱ።

ሁሉም እኔን አዩኝ። ቆልማማ ክንድ ወይስ በድን እጅ? ቆልማማ ክንድ ብርዕ ይይዛል። ፍቱት አልሁ።

የኔታ ብርዕ የሚቀርጹበትን ካራ አወጡ። እናቴ ፊቷን አዞረች። ደብተር ሆይ፣ በግራ እጄ እየጻፍሁብሽ ነው፤ የመጀመሪያው ጨርቅ ተበጠሰ።