እባካችሁ እናቴን ሰርዙልኝ

ለወንድሜ፣ ለእናቴ ልጅ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብህ የወገብ ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም ከአልጋ ስትነሳ ግድግዳ ይዘህ ነው? ባለቤትህስ ደህና ናት? ሕፃኗስ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም» ብዬ እቀጥል ነበር። ዘንድሮ ግን ናፍቆቱን ንዴቱ ስለቀደመው እንዲያው ደህና ነን ብዬ ልለፈው። የእማዬ ዓይን ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት እምቢ ካላት ቆይቷል፤ ክሩን እኔ አስገባላታለሁ፣ መስፋቱን ራሷ ትሰፋለች። ጉልበቷም ደረጃ ስትወጣ ያስቸግራታል እንጂ ለክፉ አይሰጣትም።

ባለፈው ስትደውል «እማዬ ምነው ቀዘቀዘችብኝ፣ አኮረፈችኝ እንዴ?» ብለህ ጠየቅከኝ። እኔም ምላሴን ነክሼ «ደክሟት ነው» አልኩህ። ደክሟት አይደለም። በስልክ ከጀመርኩት እጮሃለሁ፣ ስጮህ ደግሞ እሷ ከጎኔ ሆና ትሰማኛለች ብዬ ነው የተውኩት። በወረቀት ግን የሚያቋርጠኝ የለምና የሆዴን ልዘርግፈው። የእማዬን ዌብሳይት እንደሸጥከው እናውቃለን። እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

የሠራኸው አንተው ነህ፤ ይህን አልክድህም። እዚሁ ቤት ሳለህ፣ እማዬ በካኪ ወረቀት ላይ የሳለቻቸውን የልጆች ልብስ ቅዶች አንድ በአንድ ፎቶ አነሳህ። ከግርጌያቸውም እሷ እንደምትናገረው አድርገህ «እጅጌውን ስትቆርጪ ጨርቅ አትቆጥቢ፣ ልጅ ያድጋል» እያልክ ጻፍክ። መግቢያው ላይ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ሆና የምትስቅበትን ፎቶ አደረግህ። ሰው ኢንተርኔት ላይ የልጆች ልብስ ቅድ ሲፈልግ ለምን እሷ ከሁሉ በላይ እንደምትወጣ ያኔ አልገባኝም ነበር። የገባኝ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው።

የእኔን ሥራ እማዬ «ያ ልመናሽ» ነበር የምትለው፤ እውነቷን ነው። ቢሯችን ከአንድ ጫማ መሸጫ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ መስኮቷ ስለማይከፈት ሁላችንም አንዳችን የሌላችንን ምሳ እያሸተትን እንውላለን። ደንበኛ ይመጣና «ሰው ሲፈልግ የእኔ ዌብሳይት ከላይ ይምጣልኝ» ይላል። የኢንተርኔት መፈለጊያው ደግሞ ማንን ከላይ እንደሚያስቀምጥ ሲወስን ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ፣ ስንት የታመኑ ዌብሳይቶች ወደዚያ የሚወስድ ሊንክ እንዳስቀመጡ ነው። ምስክርነት በለው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ለማናውቀው ሰው «ጽሑፍዎን አንብቤ እጅግ ተደሰትኩ» እያልን እንጽፍና፣ መጨረሻው ላይ የደንበኛችንን ሊንክ እንዲያስገባልን እንለማመጣለን። አብዛኛው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፣ አንዳንዱም ይሰድበናል። አለቃችንን፣ ሥራው ሁሉ ማጣበቅ ስለሆነ፣ በሌለበት «ማስቲሽ» ነው የምንለው።

ለእማዬ ግን ማንም አልለመነላትም። የስፌት ትምህርት ቤቱ፣ ጨርቅ ነጋዴዎቹ፣ የሕፃናት ማሳደጊያው፣ መልካቸውን አይተን የማናውቃቸው እናቶች ሳይቀሩ፣ በቅዷ ሰፍተው ልክ ሆኖ ስላገኙት ብቻ «እኚህን ሴትዮ እዩዋቸው» ብለው በየዌብሳይታቸው ሊንኳን አስቀመጡ። ማስቲሽ ልመናው ሲሰለቸው ያመጣው ዘዴ ደግሞ ይኸው ነው፤ እንዲህ የተከበረ ዌብሳይት ከነስሙ ይገዛና ውስጡ የደንበኞቹን ሊንክ ይሰገስግበታል። ምስክሮቹ ባለቤቱ መለወጡን አያውቁም፣ እንደመሰከሩ ይቀራሉ።

አንድ ጠዋት ማስቲሽ «አዲስ የተገዛ ነው» ብሎ አንድ አድራሻ ሰጠኝ። ስከፍተው እማዬ ናት፣ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ሆና ትስቃለች። በስህተት የከፈትኩት መስሎኝ አድራሻውን ደግሜ አየሁት፤ ያው ነው። ከማን እንደገዛው ስጠይቀው «ከራሱ ከባለቤቱ ነዋ! ውጭ ያለ ሰው ነው። አሮጊቷ በሕይወት አለች፣ ሰው በደንብ ያውቃታል፣ ፎቶዋን እንዳታጠፉት ብሎ መክሮናል» አለኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። መሸጥህስ ይሁን፣ ቸግሮህ ነው ልበል፤ ምክሩን ምን አመጣው?

ማስቲሽ ያሰበው ለአንድ የማቅጠኛ መድኃኒት ነው። እማዬ ራሷ ያወራች አስመስዬ «ስወልድ ወፍሬ የቀረሁትን ሴትዮ ይህ አቀለለኝ» ብዬ እንድጽፍ፣ ሊንኩንም እዚያው እንዳስገባ አዘዘኝ። «እናቴ ናት» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። እንዳልቀለድኩ ሲገባው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እሰይ! እንግዲያው አነጋገሯን ታውቂዋለሽ!» ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ከደረጃው ስወርድ ያየኝ የጫማ መሸጫው ሰውዬ ወንበር አወጣልኝ። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ የለኝም።

ገና በቀን ቤት ስገባ እማዬ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። መደበቅ አልሆነልኝም፣ ሁሉንም ነገርኳት። የምትተኩሰውን ሸሚዝ አጣጥፋ ጨረሰች። ከዚያ «ቸግሮት ነው፤ ሕፃን አለበት» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ደሜ ፈላ። እኔ አንዲት ብርጭቆ ብሰብር ሳምንቱን ሙሉ የምትነዘንዘኝ ሴትዮ፣ ላንተ ሲሆን እንዲህ ናት። ድሮም እንዲሁ ነበረች፤ አንተም ይህን ስለምታውቅ ነው የደፈርካት።

እኔ እምቢ ያልኩትን ሌላ ሰው ጻፈው። ጥቂት ቆይቶ፣ ድሮ እማዬ ስፌት ያስተማረቻት ሴትዮ መጣች። ልጇ ያንን መድኃኒት ገዝታ ስትወስድ ቆይታ፣ እያስመለሳትና ልቧ ከልክ በላይ እየመታ ሆስፒታል ተኝታ መውጣቷ ነበር። ሴትየዋ ልትጣላ አልመጣችም፤ ክፋቱም እሱ ነው። በሩ ላይ እንደቆመች «እርስዎ ያሉትን ይጎዳል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?» አለች። እኔ አፌን ስከፍት እማዬ በዓይኗ ከለከለችኝ። ከመቀመጫዋ ተነስታ «ተሳስቼ ነው ልጄ፣ ሳላጣራ ጻፍኩት፣ ይቅር በይኝ» አለቻት። ከዚያ ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ያልወጣት ሴት፣ «ልጄ ሸጠኝ» ከማለት ቀጣፊ መባሏን መረጠች። ሴትየዋ ይቅር ብላታለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ደጃችንን አልረገጠችም።

ማስቲሽን ሄጄ ለምኜዋለሁ፣ ፎቶዋን እንኳ አጥፋልኝ ብዬ። «ገዝቼዋለሁ እኮ» ነው መልሱ። የቀረኝ አንድ መንገድ ነበርና እሱን ያዝኩ። ሊንክ መለመን የለመደ እጄ አሁን የተገላቢጦሽ ይለምናል። ስለ እማዬ የመሰከሩትን ሁሉ አንድ በአንድ እየፈለግሁ «እባካችሁ፣ እናቴን ሰርዙልኝ» ብዬ እጽፋለሁ። ምስክሮቹ ከተለዩት ዌብሳይቱ እየወረደ ይሄዳል፣ ከቆየም ፈልጎ የሚያገኘው አይኖርም። አየህ ወንድሜ፣ ያከበራትን ሰው ሁሉ እንዲረሳት መለማመጥ ሆነ ሥራዬ።

ደሞዝ እየተከፈለኝ በለመንኩ ጊዜ እንኳ እንዲህ ቶሎ እሺ ተብዬ አላውቅም። የማሳደጊያው ኃላፊ «ልጆቻችን ዛሬም የሚለብሱት በእሳቸው ቅድ የተሰፋ ነው» ብላ እያዘነች አነሳችው። የስፌት ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደግሞ ስልክ ደውሎ እማዬን ራሷን አናገራት። ስልኩን ስትዘጋ «ጥሩ ሰው ነው፣ ወዲያው አነሳልኝ» ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ክሩ ተበጥሶ መርፌው ባዶውን ሲወጋ እንደቆየ ያየችው ጨርቁን ስታወጣው ነው። እኔም እንዳላየሁ ሆኜ ክሩን አስገባሁላት።

አሁን የማውቃቸው ሁሉ አንስተውታል፣ አንድ ሲቀር። እሱም ያንተ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ገጽ ነው። «ሙያውን የተማርኩት ከእናቴ ነው፣ ሥራዋን እዩት» ብለህ ጽፈሃል። ደንበኞችህ ያንን ሲጫኑት እማዬ ትመጣለች፣ እየሳቀች መድኃኒት ትሸጥላቸዋለች። ከሸጥካት በኋላ እንኳ ስሟን ከሱቅህ ደጃፍ አላወረድከውም፤ ይጠቅምሃልና። ባዕዱን ሁሉ ለምኜ አላፈርኩም፣ አንተን መለመን ግን አቃተኝ። በትእዛዝ ልጽፍልህ ስነሳ እማዬ እጄን ያዘችኝ። «የሱን ተዪው። እሱ ጋ እንኳ ልቅር» አለችኝ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን አታሳያት፣ እሷ ምን በደለች? ሕፃኗን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፣ አክስትሽ ነች የሳመችሽ በላት። አማትህ እናንተው ጋ ከሆኑ እጅ ነስቻለሁ። እማዬ መጻፌን አታውቅም፤ ብታውቅ ኖሮ «ወገብህን እንዳይበርድህ» በይው ትለኝ እንደነበር አውቃለሁና፣ ይኸው እሷን ተክቼ ብዬሃለሁ።

ታላቅ እህትህ

ከእማዬ መስፊያ ክፍል፣ ኅዳር ፱ ቀን