ላሞቼ ይወረሱልኝ

ለክቡር ጓድ ጉልላት፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፤
ለተከበረው ኮሚቴም በያላችሁበት፤
ቀራንዮ

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ማኅተም የሚመቱበትን ቀኝ እጅዎን እግዚአብሔር፣ ይቅርታ፣ የሚመለከተው ክፍል ይጠብቅልኝ።

ይህን በገዛ እጄ የጻፍሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በስድሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል ስላስቆጠራችሁኝ ነው። ሰው ሲያስተምሩ መጨረሻውን ማሰብ ነበር። ፊደሉ ቢንጋደድ እጄ ነው እንጂ ሐሳቤ አልተንጋደደም። በቀበሌው ሱቅ በር ላይ የለጠፍሁትም ሰልፈኛው ስኳር እስኪመጣ የሚያነበው ስለሌለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ፀዳለ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል። ባሏ ግንባር ነው። ሐኪሙ የልጁ አቀማመጥ ጠማማ ስለሆነ (በአያቱ ወጥቶ ነው የሚሉ አሉ) ሆስፒታል ገብታ ትውለድ ብሏል። ሆስፒታሉ ደግሞ ወይ ገንዘብ፣ ወይ ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት አምጡ ይላል። ስለዚህ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ወረቀቱን ልጠይቅ ብመጣ መዝገብ ገልጣችሁ፣ ሦስት የወተት ላሞች ያሉት ሰው ድኻ አይባልም ብላችሁ መለሳችሁኝ። ስለ ጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ። ላሞቹ እንዴት መዝገብ እንደገቡ ግን ላስረዳ። የዛሬ ሁለት ዓመት መዝጋቢያችሁ በየአጥሩ ሲዞር ጎረቤቴ አቶ ነገሬ አጠገቤ ቆሞ ሁለት ላም ብሎ አስመዘገበ፤ ያውም ድምፁን ከፍ አድርጎ። ታዲያ እኔ የዱባለ ልጅ በነገሬ ፊት ባዶ ነኝ ልበል? ሦስት አልሁ። መዝጋቢው በረትህ የት ነው እንኳ ሳይለኝ ጻፈ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለፍርዳችሁ ትቼዋለሁ።

፪ኛ/ ለሚወለደው ልጅ ሳሙናና ስኳር ይጨመርልን ብል፣ ያልተወለደ ሰው አይቆጠርም አላችሁ። እውነት ነው። ላሞቼም ገና አልተወለዱም፤ እነሱን ግን ቆጥራችኋል። ልጄ ያረገዘችው ጥጃ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ስሙ ሰፍሮ ነበር።

፫ኛ/ በስብሰባ ላይ በራሳችሁ ተማመኑ ብለው ስለመከሩን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ታዝዣለሁ። ጋቢዬን ለልጁ መጠቅለያ ቀድጄ ሰጥቻለሁ። ሬዲዮኔን ለገንፎው ቅቤና ለታክሲ ብዬ ሸጫለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ምርታችን በመቶ ስንት እንዳደገ ሳልሰማ ውዬ አድራለሁ፤ ምሳዬ ግን ያው ነው። የሟች ባለቤቴን የእሙን አልጋ ልሸጥ ገዢ ባመጣ፣ ፀዳለ በሆዷ ልክ ሞልታው ተኝታ አልነሣም አለች። ገዢውም ምናልባት አብራ የምትሸጥ መስሎት ዋጋ ቀነሰ።

እሷማ፣ «አባዬ፣ ሂድና ላም የለኝም በላቸው፤ አንዲት ቃል ናት» ትለኛለች። ቃሏስ አንዲት ናት፤ ግን ነገሬ በየስብሰባው ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ መላ ዘየድሁ። መንግሥት ትርፍ ቤት እንደወረሰ ሁሉ ላሞቼንም ይውረስልኝ። ሦስቱንም በፈቃዴ ለሰፊው ሕዝብ አስረክቤአለሁ። ሣር አይጠይቁም፣ እረኛ አይሹም፣ ሰው አይወጉም። ዛሬውኑ ከስሜ ተነሥተው በቀበሌው ስም ይግቡ፤ እኔም ከሰዓት በኋላ ላሞቹ የተወረሱበት ድኻ ሆኜ፣ ቀና ብዬ ወረቀቴን እወስዳለሁ። ነገሬ የእርሱን ሁለት እንዲህ በደስታ ያስረክብ እንደሆነ ደግሞ እናያለን።

ከወንበርዎ ሳይነሡ ይህን ሁሉ ከብት ላረቡልኝ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜና ቀለም የማይደርቅበት ማኅተም እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ወገቤን ግን ሳላጎነብስ እሰናበታለሁ።

መኳንንት ዱባለ
በፈቃዱ ላም አስረካቢ

የረሳሁት፦ ወረቀቱ እስከ ማክሰኞ ካልደረሰኝ ፀዳለን ደግፌ በውይይት ክበቡ ሰዓት ወደ ቀበሌው አዳራሽ ይዣት እመጣለሁ። አዋላጅ ከመካከላችሁ እንደ ልማዳችሁ እጅ በማውጣት ምረጡ። ልጁ ሲወጣ ግን ንግግር መስሏችሁ እንዳታጨበጭቡ፤ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልልታ ነው።