ከወንበሩ ኋላ ያለው ቀዳዳ

ይድረስ በማውንት አይዛ ለሚገኘው ልጄ ለረይኖ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ካንተ ጋር፣ ከሼሪልና ከትንሿ ኬሊም ጋር ይሁን። እንዴት ሰነበትህ ልጄ? የማዕድኑ አቧራ ያመጣብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያስቸግርሃል? ሼሪልስ ከወሊድ በኋላ የያዛት የወገብ ሕመም እንዴት ሆነላት? ኬሊ ጥርስ አበቀለች? እናንተ ዘንድ በዚህ ወር የቆርቆሮ ጣሪያ በእጅ አይነካም አሉ፤ እዚህ ደግሞ በረንዳ ላይ የረሳሁት ባልዲ ከነውሃው ድንጋይ ሆኖ አገኘሁት። እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። እንጨቱ ተፈልጦ ተከምሯል፣ ድንቹም እስከ ሚያዝያ ይበቃኛል፤ ስለ እኔ አታስብ።

ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ስለ አየሩና ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሰው ብቻ የምጽፍልህ ቢሆን ኖሮ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ በጨረስኩት ነበር። አሁን የምጽፍልህ ግን ስለ ወንድምህ ስለ አርቪድ አሟሟትና አንተ ስለ ገዛህለት የጋዝ ማሞቂያ ነው። ሥራ መሄጃህ ደርሶ ከሆነ አጥፈህ አስቀምጠው፤ ስትመለስ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ሼሪል ለገና በላከችልኝ ደብዳቤ አንተ ያልነገርከኝን ነገረችኝ። እንዳትቆጣት፣ አደራ። የጋዝ ምድጃውን ከቤት አውጥተህ እንደጣልከው፣ ልጅቷ የምትተኛበትን ክፍል መስኮት በዝናብም በአቧራም እንደማታስዘጋ፣ በተኛች ቁጥር አፍንጫዋ ሥር መዳፍህን ይዘህ ትንፋሿን እንደምትጠብቅ ጻፈችልኝ። ምን ሆነሃል ብላ ብትጠይቅህም «ለወንድሜ ሞቱን በገና ወረቀት ጠቅልዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ» ብለህ መለስክላት አሉ። ይህን ሳነብ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼው ወጣሁ። ላሟ ከተሸጠች ስንት ዘመኗ፣ እኔ ግን የማለብ ይመስል በረት ገብቼ ቆምኩ።

ልጄ፣ አንተ አይደለህም። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፤ የቀረውን በዝግታ አስረዳሃለሁ።

አርቪድ በረዶ በሠራው ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምድበት የነበረው ጎጆ፣ ጎረቤታችን ኦኒ እሱ በሞተበት ክረምት ከሐይቁ ጎትቶ ካመጣው ወዲህ፣ ከበረቱ ኋላ ቆሞ ነበር። ባለፈው ሰኔ፣ በየዓመቱ ለምናነደው የበዓል እሳት በሐይቁ ዳር እንጨት ሲከመር የኦኒ ሚስት ሳይማ መጣችና «ሄልሚ፣ ይህን ሣጥን በየማለዳው እያየሽ እንዴት ትኖሪያለሽ? ለእሳቱ እንስጠውና ተገላገይው» አለችኝ። እኔም ቶሎ እሺ አልኳት። ሰው ሁሉ ሐዘኗ ነው አለ። ሐዘን ብቻ አልነበረም። ከጎጆው ጋር አብሮ እንዲቃጠልልኝ የፈለግሁት ነገር ነበረ። ዕለቱን ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሲዘንብ ዋለ፤ እሳቱም ሳይነድ፣ ጎጆውም ሳይቃጠል ቀረ። በዝናቡ ተናደድኩ። ይህንንም እወቅብኝ።

የሼሪል ደብዳቤ ከደረሰኝ በኋላ ኦኒ ዘንድ ሄጄ ጎጆውን ሐይቁ ላይ እንዲያወጣልኝ ለመንኩት። «ለማን?» አለ። ለራሴ ነው አልኩት። «አንቺ ከሹካ ሌላ በምን ዓሣ ይዘሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳይማ ከምድጃው ሆና «ተዋት እባክህ! አንተስ አርባ ዓመት መንጠቆ ጥለህ ዓሣ የምንበላው ከገበያ አይደል?» አለችው። ኦኒም ጆሮውን አከከና በማግስቱ እንደሚመጣ ነገረኝ።

መጀመሪያ ብቻውን ሄዶ በረዶውን በዲጂኖ እየወጋ ውፍረቱን ለካ፤ ከስንዝር ተኩል በላይ ሆኖ አገኘው። የጎጆው መንሸራተቻ እግሮች ከመሬት ጋር ተጣብቀው ስለነበር እኔ በፈላ ውሃ አላቀቅኋቸው። ከዚያ በበረዶ ላይ በሚንሸራተተው ሞተሩ ጎትቶ ከሸምበቆው ማዶ፣ አርቪድ ይወደው ከነበረው ቦታ አደረሰው። አራቱን ማዕዘን በግንድ ቁራጭ ላይ አሳረፍነው፤ ያለዚያ በረዶው ነክሶ ይዞ እንደማይለቅ ታውቃለህ። ኦኒ ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አድርጎ በደረቱ ተኛና «ቀኙን ከፍ! ከፍ! ኧረ ያ ግራ ነው ሴትዮ!» እያለ ይጮኽብኛል። ያንተ ቀኝ ነው ወይስ የእኔ ብዬ ብጠይቀው «የእግዚአብሔር ቀኝ!» አለኝ። ልጄ፣ እዚያ ቦታ ላይ እስቃለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሳቅሁ።

የወለሉን ክዳን አንስተን በረዶውን በመሰርሰሪያ በሳነው። ስባሪውን ለማውጣት የወጥ ቤቴን ባለ ቀዳዳ ጭልፋ ይዤ ስለሄድኩ «ጨውስ አልያዝሽም?» ብሎ አላገጠብኝ። ከማሞቂያው ኋላ የሚሆነውን ቆርቆሮ ምስማር አጠበቅሁ፣ ገመዱን በበሩ አጠገብ ሰቀልኩ፣ ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ በረዶውን ቧጦ የሚወጣባቸውን ሁለቱን ባለ እጀታ ምስማሮች አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። አርቪድ የመንጠቆ ክሮቹን የጠቀለለባቸው አጫጭር እንጨቶች እንደነበሩ በተርታ ግድግዳው ላይ ነበሩ። አልነካኋቸውም፤ መንጠቆ ከኦኒ ተዋስኩ።

ኦኒ ንፋስ በወለሉ ሥር እንዳይገባ አመዳዩን በአካፋ ከግድግዳው ግርጌ ይከምር ጀመር። በኋላው ግድግዳ በኩል ሲደርስ ቆይ አልኩት። ወደ ውስጥ ገባሁ፣ ወንበሩን ከግድግዳው ሳብሁት፣ ከኋላው የተመታውን ሳንቃ በዲጂኖው ጫፍ ፈነቀልኩ፣ ሱፉንም በቢላዋ ቆፍሬ አወጣሁት። ኦኒ በበሩ ቆሞ ያያል። «ይሄን ማን አደረገው?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት።

ያን ቀዳዳ በመጋዝ የቆረጥከው አንተ ነህ። ጎጆውን በረቱ ውስጥ ስትሠሩት «ሰው ሊተነፍስበት» ብለህ ከወለሉ ከፍ አድርገህ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አወጣህለት። በኅዳር አርቪድ ምሳ ላይ ሲያማርር ሰማሁት፤ «አምና ከኋላ የሚገባው ንፋስ ቁርጭምጭሚቴን እንደ ውሻ ሲነክሰኝ ከረመ» አለ። እሱ ሥራ በሄደበት ቀን ካባትህ አሮጌ የክረምት ቦት ጫማ ውስጥ ያለውን ወፍራም ሱፍ አወጣሁ፣ በልኩ ቆረጥሁ፣ አጥብቄ ወተፍኩት፣ ሳንቃም መታሁበት፣ ወንበሩንም መልሼ አስጠጋሁት። ለእሱ አልነገርኩትም። እግሩ ሲሞቀው ያውቀዋል ብዬ ነው። ያን ጊዜ ጎጆው ውስጥ የነበረው የእንጨቱ ምድጃ ነው፤ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ ይተፋ ነበር።

ከዚያ ገና መጣ፤ አንተም ማሞቂያውን አመጣህለት። ጎጆው ገና ሐይቁ ላይ አልወጣም ነበር። ማዕድ ላይ ተቀምጠን «ያ የኋላው ቀዳዳ ክፍት ነው አይደል? ይሄ ጭስ ማውጫ የለውም» ብለህ ጠየቅኸው። እሱም አፉ ዳቦ ሞልቶ «እንዴታ! ቁርጭምጭሚቴን ጠይቀው» አለህና ተሳሳቃችሁ። ረይኖ፣ እኔ ዳቦውን እየቆረጥኩ ነበር። ሰምቻለሁ። አንድ ጭብጥ ሱፍ ምን ያደርጋል አልኩ በልቤ። ደግሞም ያንተን ሥራ ማበላሸቴን በፊትህ መናገር አፈርኩ። ቆረጥኩና ለሁላችሁም አቀረብኩ። ከአዲስ ዓመት በኋላም አርቪድ ከሐይቁ ተመልሶ «እማዬ፣ የረይኖ ማሞቂያ ንፋሱን አሸነፈው» ሲለኝ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ። በእነዚያ ቀናት የሚቀመጠው አንድ ሰዓት ነበር፤ በሩም ይከፈት ይዘጋ ነበር። በሞተባት ቅዳሜ ግን ውርጩ ጠነከረና በሩን ዘግቶ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጠ። ሊመረምሩ የመጡት ሰዎች ማሞቂያውን አዩ፣ በማሞቂያው መርዛም አየር ታፍኖ ነው የሞተው ብለው ጻፉ። ከወንበሩ ኋላ ምን እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ይህን ሁሉ ለኦኒ ነገርኩት። ሰድቦኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን መሰርሰሪያውን አነሳና «አንዱ ብቻ አይበቃም፤ ከላይም ሌላ እናውጣ። ስፋቱ ስንት ይሁን?» አለኝ። እጅ የሚያስገባ አልኩት።

ቀዳዳዎቹ ከተከፈቱ በኋላ ያንተን ማሞቂያ ከኦኒ ሞተር ኋላ ከታሰረው ተጎታች አውርጄ ቦታው ላይ አቆምኩት። ኦኒ «አብደሻል? እኔ ከዚህ ጎጆ ሁለተኛ ሬሳ አላወጣም!» ብሎ ጮኸ። እንግዲያው ደጅ ቁም፣ በየጊዜው አንኳኳ፣ ካልመለስኩልህ ክፈተው አልኩት። በሩን ግን እንደ አርቪድ ዘጋሁት። አንተን ነፃ የማወጣው በአፌ ብቻ እንዳይሆን ብዬ ነው፤ ተቀምጬበት ልወቅ ብዬ።

ኦኒ ደጅ ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠና በጭልፋዬ እጀታ ግድግዳውን ይመታ ጀመር። «ሄልሚ! አለሽ?» ይላል። አለሁ እላለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አለሽ?» አለሁ፣ ዓሣውን አታባርርብኝ! «ዓሣውማ አንቺን አይቶ ነው የሸሸው! ራስሽን ያምሻል?» ያንተ ጩኸት ያመኛል! እንዲህ እየተባባልን ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆየን። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ እንደነደደ ነበር። ራሴን አላመመኝም፣ ልቤም አልከበደኝም፣ እግሬን ግን በረደኝ። አምስት ዓሣ ያዝሁ። ማሞቂያህ አንዳች ክፉ ነገር አላደረገብኝም።

ስወጣ ኦኒ ጢሙ ላይ በረዶ ጋግሮ ጭልፋውን እንደያዘ ነበር። «ያን ቅዳሜ ሁለት ጊዜ በደጁ አልፌ ነበር። ተኝቷል ብዬ አላንኳኳሁም» አለ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሸምበቆው እያየ። ሦስቱን ዓሣ ሰጠሁት። አገላብጦ አያቸውና «ትንንሾቹን ነው የሰጠሽኝ» አለ።

ልጄ፣ ሁለት ጊዜ ዝም ብያለሁ። የመጀመሪያው ዝምታዬ አርቪድን ወሰደ፣ ሁለተኛው አንተን እስከ ምድር ጫፍ ሰደደ። ለመጀመሪያው እንዲህ የሚያደርስ መሆኑን አላውቅም ነበር ማለት እችላለሁ። ለሁለተኛው የምለው የለኝም፤ አውቄ ነው። ሻንጣህን ስትዘጋ በሩ ላይ ቆሜ አይቼሃለሁ። ብነግረው የቀረኝም ልጅ ይጠላኛል ብዬ ፈራሁ፤ ሳልነግርህም ያው አጣሁህ።

ይቅርታ ልለምንህ አልቸኩልም። አስቀድሞ ሸክምህ ይውረድ፤ የኔ ነውና ወደ እኔ መልሰው። ብትቆጣ ተቆጣኝ፣ ክፉ ቃልም ቢወጣህ ጽፈህ ላክልኝ፣ እናት ትችላለች። ራስህን ግን በቃህ በለው።

ኦኒ ሰላም ብሎሃል፤ እዚያ አገር ሰው ዓሣ የሚያጠምደው ውሃ ውስጥ ነው ወይስ አሸዋ ውስጥ ብለሽ ጠይቂልኝ ብሏል። ሳይማ ለኬሊ የእግር ሹራብ ሠርታለች፤ በሙቀት አገር ምን ያደርግላታል ብላት አኮረፈችኝ፣ ስለዚህ ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ። ሼሪልን እጅዋን ሳምልኝ፤ ስለጻፈችልኝ እስክሞት አመሰግናታለሁ። ኬሊን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ።

እሁድ እሁድ መቃብሩ ላይ ያለውን አመዳይ ጠርጌ የሁሉንም ሰላምታ ለአርቪድ አደርስለታለሁ። ያንተን ግን እስካሁን ከራሴ ነበር የምፈጥርለት። ከሄድክ ጀምሮ በጻፍካቸው ደብዳቤዎች ውስጥ ስሙን አንድ ጊዜ እንኳ አላገኘሁትም። በሚመጣው ጻፈውና የምልለትን ላክልኝ።

እናትህ ሄልሚ

ታፒዮላ፣ ሚሺጋን
እ.ኤ.አ. የካቲት 16 ቀን 1988