በጄኔቫ የታየችው የሁሩታ ላም

ኢፋዬ፣ አካም ጅርታ!

ዛሬ እዚህ ጄኔቫ ስብሰባ ላይ አንድ ሰውዬ «በአውሮፕላን በተሳፈርኩ ቁጥር ከፍዬ ዛፍ አስተክላለሁ፤ ስለዚህ ጭሱ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ፎቶ አሳየን። ምን ባይ ጥሩ ነው? ሁሩታ ያለው ግጦሻችሁ! በሽቦ ታጥሮ ችግኝ ተተክሎበታል። እኛ አገር ቢሆን፣ እሱ ቁርጡን እየበላ አንተ ጹምለት እንደማለት ነው። ሽቦውን ጥሳ የገባችው ቡሬ ላምህ ደግሞ መሀሉ ላይ ተገትራ ችግኙን እያላመጠች ነው። ሰውዬው እሷን እያሳየ «የዱር እንስሳትም መመለስ ጀምረዋል» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ለእሷ።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ። ቡሬን ደግሞ አደራ እንዳትገርፋት፤ ስታላምጠው የነበረው የሰውዬውን የመመለሻ በረራ ነው።

ዱሬቲ